ባሕር የሌላት መርሳ

በዓረብኛ «መርሳ» ማለት መርከብ መልሕቁን ጥሎ የሚያርፍበት የባሕር ጥግ ነው። በቀይ ባሕር ካርታ ላይ ዓይናችሁን ከላይ ወደ ታች ብታወርዱ ስሙ ይመላለስባችኋል፤ ግብጽ ላይ መርሳ አላም፣ ኤርትራ ጠረፍ ላይ መርሳ ተክላይ፣ ዝቅ ብሎ መርሳ ፋጡማ። የእኛዋ መርሳ ግን የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከወልድያ በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ፣ በማንጎና በማሽላ መሃል ተቀምጣለች። እዚያ የሚቆመው አይሱዙና ባጃጅ እንጂ መርከብ አይደለም።

ስሞቹን የሚያመሳስላቸው ድምፃቸው ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔን ከስሙ በላይ የያዘኝ ቁጥሩ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ማበልጸግ ነው፤ የጭነት መኪናዎችን በካርታ የሚከታተል ሲስተም ላይ ስለምሠራ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አይጠፋም። መርሳ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ግድም ላይ ናት። ጣታችሁን እዚያ አሳርፉና ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትሉ ቀጥ ብላችሁ ወደ ምሥራቅ ሂዱ። አፋርን ታቋርጣላችሁ፤ የጅቡቲን ድንበር ታልፋላችሁ፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄዳችሁ በኋላ መሬቱ ያልቅና የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይጀምራል። በዚያው መስመር ትንሽ ከቀጠላችሁ ሙሻ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዙሪያዋን ኮራል የከበባት፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በጥብቅ ሥፍራነት የምትጠበቅ ደሴት ናት። ሰው ወደዚያ የሚሄደው መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ዓሣ ለማየትና በዳርቻው ለመራመድ ነው።

ከወልድያ አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ባሕሩ በቀጥታ ሲለካ ከአዲስ አበባ እምብዛም የራቀ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የራቀብን? ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ለሥራ ጅቡቲ ስላክ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የሄድኩት። መልሱ ግማሹ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ግማሹ ደግሞ እዚያው ዳርቻው ላይ በእግሩ ሲሄድ አገኘሁት።

ጨው፣ ዛጎልና ባሕር ዛፍ

የወሎ ሰው ባሕርን አያውቅም ማለት ልክ አይመስለኝም። ባሕሩ ወደ ቤቱ ሲመጣለት ነው የኖረው። ሴት አያቴ እናቴን ያዘለችበት አንቀልባ ጠርዙ በዛጎል የተሰፋ ነበር፤ ዛጎል ከባሕር ሌላ አገር የለውም። በቆሎን «ባሕር ማሽላ» የሚሉ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ። ከመርሳ በላይ ያለውን ተዳፋት የሸፈነው ዛፍ ባሕር ዛፍ ይባላል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነዋ።

ጨው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በሰሜኑ ገበያ እንደ ገንዘብ የሚዞረው አሞሌ የሚቆረጠው ከዳናክል ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ድሮ ባሕር ነበር። ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ ገብቶ ሜዳውን ሞልቶት ነበር፤ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። በጨው ሜዳው ጠርዝ ላይ ድንጋይ የሆነ ኮራል ዛሬም ይታያል። እንግዲህ አያቶቻችን ወጥ ውስጥ የጨመሩት፣ ላሟ የላሰችው፣ በሬ የተገዛበት አሞሌ የደረቀ ቀይ ባሕር ነው ማለት ነው። ባሕሩን ሳያዩት በልተውታል።

ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። «ሐይቅ» በግዕዝ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። ማዕበል በሌለው አገር «ዳርቻ» የሚል ስም ይዘን ኖረናል።

ውሃችን ግን ወደ ባሕር አይደርስም። ሀብሩን ከደቡብ ወሎ የሚለየው ሚሌ ወደ አፋር ይወርድና አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአዋሽን መጨረሻ ፍለጋ ተነስቶ ውሃው ሲያልቅበት በእግሩ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1934 ታጁራ ገባ። ውሃው የተወውን መንገድ ሰው ይጨርሰዋል። ይህን እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሥር ጆንያ ሩዝ

ወደ ሙሻ የሚወስደው ጀልባ ከጅቡቲ ከተማ ይነሳል፤ ርቀቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴቷ ጠፍጣፋ ናት፤ ኮረብታ የሚባል ነገር የላትም። መሬቱ ራሱ የሞተ ኮራል ስለሆነ ስትረግጡት እንደ ተሰባበረ ገል ይንኮሻኮሻል። በአንድ በኩል ማንግሮቭ አለ። ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ተክሎ የሚኖር፣ የዓሣ ጫጩት የሚሸሸግበት ዛፍ ነው። ውሃው ሲሸሽ በእግር ዳር ዳሩን መዞር ይቻላል፤ ሸርጣኖች ከፊታችሁ እየተበተኑ።

አስጎብኚያችን ከእኔ ጋር እኩያ የሆነ የጅቡቲ ልጅ ነው፤ አማርኛን ከዘፈንና ከሾፌሮች ነው የለመደው። ላይፍ ጃኬቱን ሲያስርልኝ ሁለት ነገር ብቻ አለኝ። «ኮራሉን እንዳትረግጥ፣ ሕይወት አለው። ከዚህ ደግሞ ምንም አይወሰድም፣ ዛጎልም ቢሆን።» የአያቴ አንቀልባ ትዝ አለኝና ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ስነግረው «እሱማ ድሮ ነው» አለ።

ፊቴን ውሃ ውስጥ ስከት መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው። ከዚያ ከሥሬ አገር ተዘረጋ። ምን ልበላችሁ፤ እንደ ገበያ ቀን ነው። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ባለ ሰንበር ዓሣ በየአቅጣጫው ይተላለፋል። በቀቀን ዓሣ የሚሉት ኮራሉን ሲግጥ ድምፁ ይሰማል፤ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው። ድንጋይ የሚመስለው ኮራል እንስሳ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት ተጣብቀው የኖራ ቤት ይሠራሉ። በገላቸው ውስጥ የሚኖር አልጌ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስልላቸዋል፤ ቀለማቸውም በአብዛኛው የእሱ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌውን ያባርሩታል፤ ይነጣሉ፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታሉ። ጥበቃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በአንድ መልሕቅ የሚሰበረው ነገር ለመብቀል አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

ይቺ ደሴት ግን ከዓሣዎቿ በፊት በታሪክ መጽሐፍ የምትታወቀው በዋጋዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዞች ከታጁራው ሱልጣን ገዟት። ዋጋው አሥር ጆንያ ሩዝ። እንግሊዝ ደሴቷን የፈለገችው ሌላ እንዳይይዛት ነው እንጂ የምትሠራባት ነገር አልነበራትም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወሰን ሲካለሉ ለፈረንሳይ ተወችላት። ከሩዙ ሽያጭ በኋላ በነበረው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ታጁራ ላይ ወርዶ በአሳል ሐይቅ በኩል ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወጣ። የሄደበት መንገድ አዲስ አልነበረም። ከሸዋው አልዩ አምባ ገበያ ተነስቶ በረሃውን እያቋረጠ ታጁራ የሚወርድ የቆየ የሲራራ መንገድ ነው። ወደ ላይ ጨውና ጨርቅ ይወጣበታል፤ ወደ ታች የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ሰው ይወርድበታል። አዎ፣ ሰው። ታጁራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የባሪያ መጫኛ ወደቦች አንዷ ነበረች። ከደጋው ተይዘው ለወረዱት ልጆች የመጀመሪያው የባሕር ዳርቻ እሷ ነበረች።

ሦስተኛው አንቀጽ

ከሙሻ በኋላ የሌሎቹም ዳርቻዎች ዋጋ ወጣ። የጣሊያኑ ጁሴፔ ሳፔቶ እ.ኤ.አ. በ1869 ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ፤ በጥቂት ሺህ ጠገራ ብር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1862 ኦቦክን በ10,000 ጠገራ ብር ገዝታ ነበር። ምጽዋን ቱርኮች ከ1557 ጀምሮ ይዘዋት፣ በ1865 ለግብጽ አሳልፈዋት፣ በየካቲት 1885 ጣሊያን ገባባት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ሰፈሬ ይመለሳል። ከመርሳ ወደ ደሴ አቅጣጫ ትንሽ ብትነዱ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ ተወካይ ፒዬትሮ አንቶኔሊ ውል የተፈራረሙት እዚያ ነው። ልጅ ሆነን በዚያ ስናልፍ አውቶቡሱ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው «የውጫሌ ውል!» ይላል፤ ሌላው «አንቀጽ 17!» ብሎ ይመልሳል። ትምህርት ቤት የተማርነው ያንን ነው። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱን፣ በዚያ ሰበብ አድዋ መምጣቱን። በአንድ ግስ ምክንያት ጦርነት መነሳቱ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ አንድ ቃል የተሳሳተበት ኮድ ምን እንደሚያደርስ እናውቀዋለን።

ግን ውሉ አንቀጽ 3ም አለው፤ ስለ እሱ አውቶቡስ ውስጥ የሚጮህ የለም። ድንበሩን የሚያሰምረው እሱ ነው። አራፋሊ፣ ሐላይ፣ ሰገነይቲና አስመራ በጣሊያን ወገን እንዲሆኑ ይላል። አራፋሊ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች መንደር ናት። ጣሊያን በጉልበት የያዘችው ዳርቻ በወረቀት የጸናው ከመርሳ ትንሽ ራቅ ብሎ በሚገኝ የወሎ ሰፈር ነው። አድዋ አንቀጽ 17ን ቀደደው። የአንቀጽ 3 ዳርቻ ግን ከአድዋም በኋላ በጣሊያን እጅ ቀረ።

ሰነዶቹን ጎን ለጎን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ሂወት ጋር ሲዋዋሉ የጠየቁት በምጽዋ ሸቀጥና መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍላቸው ነው። ምኒልክም ውጫሌ ላይ መሣሪያ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍላቸው የሚል አንቀጽ አስገብተዋል። ሁለቱም አላጠፉም፤ ጠላት ከየአቅጣጫው ለከበበው ንጉሥ ጠመንጃ ከዓሣ ይቀድማል። ነገር ግን ቃሉን ተመልከቱት፤ ማለፍ። እኛ ለባሕር ያወጣንለት ስም ራሱ «የባሕር በር» ነው። በር ያልፉበታል እንጂ አይቀመጡበትም። በር ላይ ቆሞ የሚቆይ ሰው ወይ ዘበኛ ነው ወይ ለማኝ።

ስድስተኛው አህጉር

በሩ ተከፍቶልን የነበረበት ዘመን አለ። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ስትቀላቀል ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ዳርቻና የዳህላክ ደሴቶች አብረው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ ዋና ሠፈሩ ምጽዋ፣ ከአሠልጣኞቹ መካከል ኖርዌጂያኖች ነበሩ።

ልክ በዚያው ጊዜ፣ በ1952 እና 1953፣ የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን ዳህላክ ላይ ወራት ቆይቶ ነበር። ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ ውሃ ውስጥ ካሜራ ይዞ ገባና በ1954 ፊልም አወጣ፤ ርዕሱ «ስድስተኛው አህጉር» ነው። ከባሕር በታች ያለውን ዓለም በቀለም ካሳዩት ቀደምት ረጅም ፊልሞች አንዱ ነው። በ1962 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች ዳህላክ ላይ ሠፍረው ዓሣውንና ኮራሉን ሲመዘግቡ ሰነበቱ። ሁለቱም ጊዜ ባንዲራው የእኛ ነበር። ዓይኑ ግን የሌላ ነው።

ወልድያ ሰፈራችን ውስጥ ባሕር ኃይል የነበሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። ምጽዋ ላይ ስላሳለፉት ዓመታት ሲያወሩ እኛ ልጆቹ ዙሪያቸውን እንሆናለን። ስለ መርከቡ፣ ስለ ሙቀቱ፣ በየዓመቱ ስለሚመጡት የውጭ መርከቦች ይነግሩናል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከውሃው ሥር ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ዓሣውን እኔ በሳህን ነው የማውቀው» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው ቀልድ ብቻ አልነበረም። ባሕርተኛ ሆነውም ባሕሩን ያወቁት ከላዩ ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከደርግ እጅ ወጣች። በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ወደብ ያጣው ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረሰ። እኔ በ1990 ዓ.ም. ስወለድ ያ ሁሉ አልቆ ነበር። የእኔ ትውልድ ባሕርን የሚያውቀው «የነበረን» በሚለው ቃል ነው፤ ሰሞኑንም በቴሌቪዥንና በፌስቡክ ስለ ባሕር በር የሚደረገው ክርክር ጠዋትና ማታ ነው። በክርክሩ ውስጥ ወደብ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ቶን አለ። ዋና የሚችል ሰው ግን አንድም ጊዜ ሲነሳ አልሰማሁም።

ከታጁራ ወደ ኦቦክ

ከሙሻ በኋላ ሁለት ቀን ነበረኝና በጀልባ ተሻግሬ ኦቦክ ሄድኩ። ኦቦክ ለአጭር ጊዜ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት መቀመጫ ነበረች፤ በኋላ ጅቡቲ ከተማ ስትቆረቆር ተተወች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የፈረንሳይ ወታደሮች የተቀበሩበት የባሕር ዳር መካነ መቃብር አለ። በሽታ የጨረሳቸው ናቸው።

መንገዱ ላይ ሰዎች ይሄዳሉ። አምስት፣ ስድስት፣ አሥር ሆነው፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ ፎጣ ራሳቸው ላይ ጥለው። ከድንበሩ እስከዚህ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብዙው በእግር የሚሄድ በረሃ። ድሮ ሲራራ ነጋዴው የሚወርድበትን አገር ነው የሚያቋርጡት፤ ዛሬ ግን የሚነዳቸው ነጋዴ በስልክ ነው የሚያዛቸው። ፋንታሄሮ የሚባል ቦታ ላይ በግራር ሥር ተሰብስበው ወደ የመን የሚያሻግራቸውን ጀልባ ይጠብቃሉ።

አንድ ግራር ሥር ካረፉት ጋር ተቀመጥኩ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አነጋገራቸው ነገረኝ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከወሎ።»

«ወሎ የት?»

«ሀብሩ። ከመርሳ ወዲህ።»

«እኔም የመርሳ ልጅ ነኝ» ስላቸው ትንሹ ልጅ ከትከት ብሎ ሳቀ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። «አብሽር!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ውሃ ተካፈልን። ስለ ጂራና ማንጎ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማን ቤት አወራን። ከዚያ ልጁ ጠየቀኝ።

«ወንድሜ፣ አንተስ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ለሥራ ነው። ትርፍ ቀን ነበረኝና ባሕር ውስጥ ዓሣ ሳይ ነበር።»

«ልትይዝ?»

«አይ፣ ልይ ብቻ።»

ዝም ብሎ አሰበው። «ደስ ይላል?» አለኝ።

«በጣም።»

«እኔ ዋና አልችልም» አለ።

በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ልዩነት ኪሴ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ማኅተም ያለበት ፓስፖርት። የተወለድነው በአንድ ወረዳ፣ የመጣነው ወደ አንድ ባሕር። ከእኔ ክፍል ልጆች በዚህ መንገድ የሄዱት ከአንድ እጅ ጣት ይበልጣሉ። ጦርነቱ በ2013 ክረምት ወልድያንና መርሳን አዳርሶ በ2014 ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የሄደው ጨመረ። አንዳንዱ ሪያድ ደርሶ ለእናቱ ቤት ሠርቷል። ያም እውነት ነው፤ ካልተነገረ ለምን እንደሚሄዱ አይገባም። አንዳንዱ ደግሞ ስልኩ አይነሳም።

150 ሜትር

ከኦቦክ ወደ ሰሜን ስትወጡ ጎዶሪያ የሚባል የማንግሮቭ ደን አለ፤ ከዚያ ኮር አንጋር፤ ከዚያ ራስ ሲያንና የሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች፣ ልክ ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጥብቅ ሥፍራ አድርጋዋለች። ሙሻና መስካሊም በዚያው ሕግ ውስጥ አሉ። ለጠላቂዎች ከቀይ ባሕር ምርጥ ቦታዎች አንዱ ነው ይባልለታል።

በመጋቢት መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ከየመን የምትመለስ ጀልባ በጎዶሪያ አካባቢ ተገልብጣ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ልጆችም ነበሩባቸው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ እዚያው ጎዶሪያ አጠገብ፣ 77 ሰዎች የጫነች ሌላ ጀልባ ሰጠመች። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮር አንጋር አቅራቢያ ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን ከጫኑ ሁለት ጀልባዎች ደላሎቹ ሰዎቹን አስገድደው ባሕር ላይ አወረዷቸው፤ ቢያንስ 45 ሰዎች ሞቱ። ሦስቱም አደጋ የደረሰው ሲመለሱ ነው። ወደ ቤት ሲመጡ።

የኮር አንጋሩ አደጋ ከዳርቻው 150 ሜትር ያህል ነበር።

ያንን ቁጥር ሳነብ ሙሻ ትዝ አለችኝ። እኔ በመነጽር እየተመለከትኩ ከጀልባችን እስከ ኮራሉ ጠርዝ የዋኘሁት ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም። ላይፍ ጃኬት ነበረኝ፣ አስጎብኚ ነበረኝ፣ ጊዜ ነበረኝ። ፈርቼ አልነበረም፤ እየሳቅሁ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን እያሳሳቀ መለሰኝ። ለእነሱ ያው ውሃ፣ ያው ጨው፣ በአንድ ሕግ የሚጠበቅ ያው ዳርቻ ነበር።

ጥብቅ ሥፍራውን አልወቅስም። ኮራሉም ማንግሮቩም መጠበቅ አለባቸው፤ አስጎብኚው ልጅ «ሕይወት አለው» ሲል ልክ ነው። የጅቡቲ ባሕር ጠባቂዎችና ዓሣ አጥማጆችም ስንቱን ከውሃ አውጥተዋል። የምለው ስለ እኛ ነው። ባሕሩን ለሁለት መቶ ዓመት በር ብቻ አድርገን አሰብነው። በር ደግሞ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያስጠይቀው። ሩዝ የሰጠው፣ ጠገራ ብር የቆጠረው፣ አንቀጽ ያረቀቀው ሁሉ ቁልፍ ነበር የሚፈልገው። በበሩ የሚያልፈው ሰው ዋና ይችል እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ያኔም አሁንም።

ሀብሩ ውስጥ የባሕር ሟች ለቅሶ ለየት ያለ ነው። አስከሬን የለም። ስልክ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ከሦስት ወር በኋላ፣ አንዳንዴ ከአብሮ አደግ፣ አንዳንዴ ከማይታወቅ ቁጥር። ድንኳን ይተከላል፣ ሰደቃ ወይም ተዝካር ይወጣል፣ ፎቶ ይቀመጣል። እናትየው ግን ለወራት በር በሩን ታያለች፤ ያልተቀበረ ሰው ይመጣ ይሆናላ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየመንገዱ የሞቱትንና የጠፉትን ይቆጥራል። ያ ቁጥር ነው። ስሙን የምታውቀው መርሳ ናት።

ስለዚህ የኢትዮጵያን የባሕር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ምጽዋንና አሰብን ብቻ ይዞ እንዳይቀር እላለሁ። ውጫሌ ላይ ይውረድና አንቀጽ 3ን ያንብብ። ከዚያ ወደ መርሳ ይቀጥልና ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ማን መቼ እንደሄደ፣ በየት እንደተሻገረ፣ የመጨረሻው ስልክ ከየት እንደተደወለ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹ፣ እናቶቹ፣ ተመላሾቹ አሁን አሉ፤ ይናገራሉ። ዝርዝሩን ለማስገባት የሚሆን ቀላል ዳታቤዝ እኔ ጀምሬያለሁ። እስካሁን 23 ስም አለበት፤ ሁሉም ከአንድ ቀበሌ ነው።